ማሚን የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል፦ ቀናት ሙሉ የተከራከርንባት ተዋናይት

ሰሞኑን በመድረካችን አንድ የውይይት ክር ተከፍቶ ቀናት ሙሉ አከራከረን። የገባው ሁሉ የመሰለውን ጣል እያደረገ ስለሄደ በጣም ረዝሟል፤ መሃል ላይም መዘላለፍ አለበት። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ እኔ ከላይ እስከ ታች ስለተከታተልኩት፣ በየምላሹ ቁጥር ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። የራሴንም ሐሳብ እጨምራለሁ። ይቺ ሴት ትቆረቁረኛለች፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈተው አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው። ልጅ ሆኖ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ከአባቱ መደርደሪያ አውርዶ አንብቦታል። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከዚያ መጽሐፍ የተሠራውን የ1939ኙን ፊልም አየ። አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም ነው። አይቶ ሲጨርስ ግን ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስለ ስካርሌት ሳይሆን ስለ ማሚ ነው የተብሰለሰለው። ማሚ በስካርሌት ቤት ያለችው ባሪያ ነች፤ ጌቶቿን የምትወድ፣ እንደ ልጆቿ የምትቆጣቸው፣ ባርነት ከቀረ በኋላም ጥላቸው የማትሄድ። ያንን ሚና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር ወሰደች። ከእርሷ በፊት ኦስካር ያገኘ ጥቁር ሰው የለም። ልጁ የጠየቀው ይህ እንደ ድል ይቆጠራል ወይ ብሎ ነው። በእርሱ ዓይን ሆሊውድ የሸለመው ሴትዮዋን ሳይሆን በባርነቷ ደስ ብሏት የምትኖረውን ባሪያ ነው። እርሷም ሽልማቱን እጇን ዘርግታ በመቀበሏ ለወገኖቿ ካተረፈችው ያከሰረችው ይበልጣል ባይ ነው። በትሕትና ነው የጻፈው፣ አቋሙ ግን ቁርጥ ያለ ነው።

1 ቁጥር ላይ የመጣው ሰው ስለ ጥያቄው አመስግኖ ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ሃቲ የተወለደችው ካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ ነው። ከ13 ልጆች የመጨረሻዋ ነች። እናትና አባቷ ሁለቱም በባርነት የተወለዱ ናቸው። አባቷ ሄንሪ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኑ ጋር፣ በ122ኛው የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንት ተሰልፎ መንጋጋው ላይ ቆስሏል፤ ከዚያ በኋላ ጡረታውን ለማስከበር ዓመታት ደጅ ጠንቷል። ልጅቷ ያደገችው ዴንቨር ነው። ከወንድሞቿ ጋር በትርኢት ቡድን እየዞረች ዘፈነች፣ በ1920ዎቹም በሬዲዮ ከዘፈኑት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ሆነች። የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ሥራው ሁሉ ቆመና ሚልዋኪ ላይ ባዶ እጇን ቀረች። አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ የሴቶች መታጠቢያ ክፍል አስተናጋጅ ሆና ተቀጠረች፤ በኋላ ነው እዚያው ክበብ መድረኩ ላይ ወጥታ የዘፈነችው። በ1931 ወንድሟና እህቶቿ ወዳሉበት ሎስ አንጀለስ ሄደች፤ ፊልም ሲጠፋ ሰው ቤት እየሠራችና ልብስ እያጠበች ኖረች። ይህ ሰው ሊል የፈለገው በፊልም አገልጋይ ሆና ከመታየቷ በፊት በእውኑም አገልግላለች ነው። እኔ ይህን ምላሽ ወድጄዋለሁ። ከዚህ ሳይነሱ ስለ ሃቲ መፍረድ ከባድ ነው።

2 ቁጥር ግን ገና ከመጀመሪያው በስህተት ገባ። የመጀመሪያው ጥቁር ኦስካር ተሸላሚ ሲድኒ ፖይቲየር ነው ብሎ ድርቅ አለ። 3 ቁጥር ላይ ያለችው እህት ልክ ልኩን ነገረችው። ፖይቲየር ያሸነፈው በ1964 ነው፤ በዋና ተዋናይነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው፤ ሃቲ ደግሞ በረዳት ተዋናይትነት ከእርሱ 24 ዓመት ትቀድማለች። ከሃቲ በኋላ በትወና ያሸነፈችው ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ሁፒ ጎልድበርግ መድረኩ ላይ እስክትቆም 1991 ደርሷል። ሃምሳ አንድ ዓመት! ይህን ቁጥር ሳነብ ትንሽ ቆም ብዬ አሰብኩ። አንድ ሰው ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ድሮ፣ የልጅ ልጅ የሚያይበት ጊዜ ነው።

4 ቁጥር ላይ የጻፉት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚያናግራቸው። ሃቲን ትተው ስለ ነቢይ ነው የጻፉት። እርሳቸውም በዚያ ዘመን ታስረው ነበር። መጽሐፍ እስር ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ጆሮውን አቁሞ እንዴት እንደሚያዳምጥ ተረኩ። የነቢይ ትርጉም ቁርጥራጭ እየሆነ በድብቅ ከእስር ቤት ወጥቶ በኋላ መጽሐፍ መሆኑን ሲያነሱ፣ ከ5 እስከ 8 ያሉት ሁሉ እርሱን ተከትለው ሄዱ። አንዱ መጽሐፉን የት እንደሚያገኝ ጠየቀ፣ ሌላው ፊልሙ ከመጽሐፉ አይደርስም አለ፣ አንዷ ደግሞ የነቢይን ሞት አንስታ አዘነች። አወያዩ ገብቶ ወደ ርእሱ ተመለሱ ባይል ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርን። እንኳንም ጋሼ ጻፉ እላለሁ እኔ ግን። በሲጋራ ወረቀት የተረጎመ ሰው ባይኖር ማሚን ብዙዎቻችን በልጅነታችን አናውቃትም ነበር።

9 ቁጥር ስለዚያች የሽልማት ምሽት ነው። ጻፊዋ ጉዳዩን በደንብ የምታውቅ ትመስላለች፣ አንድም ነገር አላጋነነችም። ዕለቱ የካቲት 29፣ 1940 ነው፤ ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ አምባሳደር ሆቴል፣ ኮኮናት ግሮቭ የሚባለው አዳራሽ። ሆቴሉ ጥቁር እንግዳ አያስገባም ነበር። የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ሰው ለምኖ፣ ውለታ ጠይቆ ነው ሃቲ እንድትገባ ያስፈቀደው። ገብታም ስካርሌትንና ባሏን ሬትን ከተጫወቱት ጋር አልተቀመጠችም። ግድግዳ ሥር፣ ራቅ ብሎ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ተዘጋጀላት፤ እዚያ ከአጃቢዋና ከነጩ ወኪሏ ጋር ተቀመጠች። ጸጉሯ ላይ ነጭ ጋርዲኒያ አበባ ሰክታለች። ስሟ ሲጠራ ከዚያ ጥግ ተነሥታ አዳራሹን አቋርጣ ነው ወደ መድረኩ የሄደችው። ለዘሯም ለፊልሙ ሥራም መኩሪያ ሆና እንድትኖር ተመኝታ፣ ልቧ ሞልቶ ስሜቷን መናገር እንዳቃታት ገልጻ እያለቀሰች ወረደች። በነገራችን ላይ የተሰጣት እኛ የምናውቀው የወርቅ ሐውልት አይደለም። ያኔ ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ትንሽ ጽላት መሳይ ነገር ነበር፤ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ለሁሉም። በዚያው ዘርፍ አብራት የታጨችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ነበረች፤ በፊልሙ ሜላኒን የተጫወተችው።

10 ቁጥር ላይ ነገሩ ከረረ። ሰውዬው ያን ሁሉ አንብቦ፣ ታዲያ ለምን እምቢ አላለችም ነው ያለው። ጥግ አስቀምጠዋት እያለቀሰች ማመስገኗን እንደ ውርደት ቆጠረው። በፊልሙም፣ በአዳራሹም፣ በሕይወቷም ያው ገረድ ነች ብሎ ዘለፋት። ብዙ ሰው ላይክ ማድረጉ ደግሞ ይበልጥ አሳዘነኝ።

11 ቁጥር የመለሰችለት ሴት ስድስት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ነች። አልተሳደበችም። ሰው ቤት መሥራት ምን እንደሚጠይቅ በሦስት አራት መስመር ጻፈች፤ ማታ ሁሉም ሲተኛ መተኛት፣ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ መነሣት፣ ልጃቸው ሲያማት እንደ እናት ማልቀስ፣ ግን ገበታው ላይ አለመቀመጥ። ከዚያ ስለ አንድ ትዕይንት አነሣች። ማሚ ሜላኒን ይዛ ደረጃውን የምትወጣበት ነው። የስካርሌትና የሬት ልጅ ከፈረስ ወድቃ ሞታለች። ሬት ልጁ ጨለማ ትፈራ ነበር ብሎ እንድትቀበር አልፈቀደም። ማሚ ቀሚሷን ይዛ አንድ አንድ ደረጃ እየወጣች፣ ባልና ሚስቱ የተነጋገሩትን ክፉ ክፉ ቃል እየተናገረች ታለቅሳለች፤ ካሜራውም ሳይቆርጥ አብሯት ይወጣል። ይህቺ እህት ያን ፊት አውቀዋለሁ ነው ያለችው። የሰው ሐዘን ተሸክሞ የራስን ሐዘን ማልቀሻ ያጣ ፊት ነው። እኔ ከዚህ ምላሽ በኋላ ፊልሙን ከፍቼ ያንን ትዕይንት ብቻ ደግሜ አየሁት። ተሰጥኦዋ ከተጻፈላት ሚና ይበልጣል፤ ሚናው አንሶባታል።

12 ቁጥር 10ን ይቅርታ ጠይቅ አለው። 13 ቁጥር 12ን አንተ ማን ነህ አለው። 14 እና 15 በብሔርና በትምህርት ተሰዳደቡ፤ አወያዩ ሁለቱንም ሰርዟቸዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

16 ቁጥር ነገሩን አበረደው። ጻፊው የታሪክ መምህር ነው። ለከፋቹ ጥያቄ ክብር ሰጥቶ፣ ይህ ክርክር የእኛ ፈጠራ እንዳልሆነ፣ ሃቲ በሕይወት እያለችም ጥቁሮቹ ራሳቸው እንደተከራከሩበት አስረዳ። የመብት ማኅበሩ የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ዋና ጸሐፊ ዋልተር ዋይት በ1942 ሆሊውድ ድረስ ሄዶ የስቱዲዮ ኃላፊዎችን አነጋግሯል። የጠየቀው ጥቁሮችን ሁልጊዜ አገልጋይና ጅል እያደረጋችሁ አታሳዩ፣ እንደ ማንኛውም ሰው አሳዩ ነው። ሃቲና ጓደኞቿ ግን ያችው ያላቸው እንጀራ ትሄድብናለች ብለው ሰጉ። ገረድ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሚና ካልመጣስ? ገረድ ሆና በሳምንት 7 ዶላር ከማግኘት የገረድ ሚና ተጫውታ 700 ዶላር ማግኘትን እንደምትመርጥ መናገሯ በሰፊው ይነገርላታል። መምህሩ ሁለቱንም ወገን አልወቀሰም። ጥያቄውን መጠየቅ ያለብን ሚናዎቹን የሚጽፉትንና ገንዘቡን የያዙትን ነው አለ።

እዚህ ላይ የኔን ልበል። ዋይት ስለ ፊልሞቹ የተናገረው እውነት ነው። ያ ፊልም ባርነትን የሞቀ ቤት አስመስሎ ለዓለም ሸጦታል፤ ማሚ ደግሞ የዚያ ሽያጭ ፊት ነበረች። የክሩን ከፋች ቁጣ ስለዚህ አልንቀውም። ግን ቁጣው የሄደበት ቦታ ልክ አይደለም። በሩን የዘጋው ሌላ፣ በተከፈተላት ቀዳዳ በመግባቷ የምትከሰሰው እርሷ? ይህ ፍርድ ደስ አይለኝም።

17 ቁጥር አትላንታ ወሰደን። ፊልሙ ታኅሣሥ 15፣ 1939 በአትላንታ ሲመረቅ ሃቲ አልነበረችም። በዚያን ጊዜ በጆርጂያ ሕግ ጥቁርና ነጭ አዳራሽ ውስጥ አብረው አይቀመጡም ነበር። የምረቃው መጽሔት ላይ እንኳ ፎቶዋ እንዲወጣ አልተደረገም። ክላርክ ጌብል ሃቲ ከሌለች እኔም አልሄድም ብሎ ነበር፣ ሂድ ብላ የለመነችው ራሷ ነች ተብሎ ይነገራል። 18 ቁጥር ይህን የጌብልን ነገር ተጠራጠረ፤ የሆሊውድ ወሬ ነው አለ። 19 ደግሞ ጌብል እቤቷ ግብዣ ይመጣ እንደነበር ጠቅሶ ወዳጅነታቸውን አረጋገጠ። 20 ግን ከሁሉም የሚበልጥ ነገር አመጣ። ከምረቃው ዋዜማ በተደረገ የአትላንታ ነጮች ግብዣ ላይ የኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን መዘምራን እንደ ባሪያ ለብሰው ዘምረዋል። ከልጆቹ አንዱ የፓስተሩ ልጅ፣ የ10 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። እኔ ይህን ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር። ከዚህ በታች ሦስት አራት ሰው የመደነቅ ምልክት ብቻ አስቀምጦ አልፏል፤ አልፈርድባቸውም።

24 ቁጥር የእኔ ነው። ሁሉም ስለ ኦስካር ሲያወራ ሃቲ ያደረገችው ትልቁ ነገር ተረሳ ብዬ ነው የጻፍኩት። እዚህም ደግሜ፣ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሃቲ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት አዳምስ ሃይትስ የሚባል ሰፈር ውስጥ 17 ክፍል ያለው ነጭ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዛች። ሌሎች ጥቁሮችም እዚያ ገብተው ነበር፤ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች፣ እንደ ሉዊዝ ቢቨርስና ኤቴል ዋተርስ ያሉ ተዋንያን። ሰፈሩን ሹገር ሂል ይሉታል። ችግሩ ግን የዚያን ዘመን የቤት ሰነድ ላይ አንድ ውል አለ፤ ይህ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ፣ ጥቁርም እንዳይኖርበት የሚል። ነጮቹ ጎረቤቶች ይህን ውል ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሃቲና ጎረቤቶቿ ከገዛ ቤታቸው እንዲወጡ ነው የጠየቁት። አስቡት እንግዲህ፤ ኦስካር ያላት ሴት ነች። በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሮች ትርኢት የሚያዘጋጀውን የሆሊውድ ኮሚቴ የጥቁሮች ክፍል የምትመራ ነች። የከፈለችበት ቤት ውስጥ ማደር አይገባሽም ተባለች።

ሃቲ አላለቀሰችም። ጎረቤቶቿን ሰበሰበች። ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቷ ስብሰባ አደረገች። የክሱ ቀን ሲደርስ ወደ 250 የሚሆን ደጋፊ ይዛ ፍርድ ቤት ገባች። ጠበቃቸው ሎረን ሚለር የሚባል ጥቁር ጋዜጠኛና ሕግ አዋቂ ነበር። ዳኛው ተርመንድ ክላርክ ነገሩን በወረቀት ብቻ ከማየት ሰፈሩን ሄጄ ልየው ብሎ ሄደ፤ ቤቶቹን ዞሮ አየ። በማግሥቱ መዝገቡን ዘጋው። ጥቁሮች በሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ የተሰጣቸው መብት ያለ ምንም ማምለጫ ሊከበርላቸው ይገባል፣ ዳኞችም ከዚህ ጥያቄ ሲሸሹ ብዙ ቆይተዋል ነው ያለው። ይህ የሆነው በ1945 መጨረሻ ነው።

25 ቁጥር ወዲያው ጠየቀኝ፤ ውል እኮ ውል ነው፣ ሁለት ሰው የተዋዋለውን ሕገ መንግሥት እንዴት ያፈርሰዋል? ጥሩ ጥያቄ ነው። 26 ቁጥር ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ መለሰለት፤ እኔ ከምመልሰው በጣም ይሻላል። ውሉን የተዋዋሉት ግለሰቦች ቢሆኑም ውሉን የሚያስፈጽመው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ መንግሥት ነው። መንግሥት በዘር ለይቶ ሰው ከቤቱ ማስወጣት አይችልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 በሼሊና ክሬመር ጉዳይ ለመላው አገር የወሰነው ይህንኑ ነው። ያኔ በተያያዘ መዝገብ ከታዋቂው የጥቁሮች መብት ጠበቃ ከተርጉድ ማርሻል ጋር ቆመው ከተከራከሩት አንዱ ያው የሃቲ ጠበቃ ሎረን ሚለር ነው። ሰውዬው ሹገር ሂል ላይ ያሸነፈበትን ክርክር ዋሽንግተን ድረስ ይዞት ሄደ።

ለእኔ የሃቲ ማክዳንኤል ሥራ ይህ ነው። ጽላቱን አንድ ሰው ይወስደዋል። ያ ፍርድ ግን ስሟን ሰምተው ለማያውቁ ሰዎች ሁሉ የቤት በር ለመክፈት ረድቷል።

27 ቁጥር 10ን የጻፈው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። ቤት መግዛት የሀብታም ትግል ነው፣ ተራ ጥቁር የት ይገዛል አለ። 28 ቁጥር አፍ አፉን አለው፤ ክልከላው እኮ ደሃውንም ሀብታሙንም ጥቁር በአንድ ጥግ ያጎረ ነው ብሎ። 29 ላይ በዚያው ሰፈር ላይ በኋላ የደረሰውን አነሡ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሳንታ ሞኒካ አውራ ጎዳና ሲሠራ በሹገር ሂል መሃል ቀደው አለፉበት። በፍርድ ቤት ያልወጡት ሰዎች ብዙዎቹ በመንገድ ወጡ። ይህን ማንበብ ያማል።

30 ቁጥር ስለ ሬዲዮዋ ነው። በ1947 «ቢውላ» በሚባል ተከታታይ ዝግጅት ዋና ተዋናይት ሆነች። በአገር አቀፍ የሬዲዮ ጣቢያ ዋናውን ሚና የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነች፤ በሳምንት 1,000 ዶላር። አሁንም ሚናው የቤት ሠራተኛ ነው። ግን የጥቁሮችን አነጋገር አጣምማ እንድትናገር እንዳያስገድዷት በውሏ አስገብታለች። 31 ቁጥር ይህቺን ነገር አሳነሳት። እኔ አላሳንሳትም። ሌላ ሰው በሚጽፈው ጽሑፍ ላይ እንዲህ አልናገርም ማለት በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም።

32 ቁጥር በፊልሙ ሌላዋን ባሪያ፣ ፕሪሲን የተጫወተችውን በተርፍላይ ማክኲንን አነሣ። እርሷ የገረድ ሚና ሰልችቷት በኋላ እምቢ ብላ የሆሊውድን እንጀራ ትታለች። ስለዚህ እምቢ ማለት ይቻል ነበር ነው ክርክሩ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ግን በተርፍላይ እምቢ ካለች በኋላ ስቱዲዮዎቹ የተሻለ ሚና አልሰጧትም፤ ዝም ብለው ረሷት። ሁለቱም መንገድ ዋጋ ነበረው፣ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ሴቶቹ ብቻ ናቸው።

ከ33 ጀምሮ ክሩ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ሄደ፤ እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ። ሃቲ ጥቅምት 26፣ 1952 በጡት ካንሰር ሞተች። ስትሞት ኦስካሯን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዛለች። 33 ላይ የጻፈው በጆርጂያ አቬኑ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ስንቴ እንዳለፈ፣ ይህን ግን እንዳልሰማ ጻፈ። 34 የሃዋርድና የኢትዮጵያን ዝምድና አነሣ፤ ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው፣ ኃይሌ ገሪማም ፊልም ለረዥም ዓመታት ያስተማረው እዚያው ነው። ከዚያ 35 ስለ ኃይሌ መጻሕፍት ቤት፣ 36 እዚያ ስለሚጠጣው ቡና ማውራት ጀመሩ። አወያዩ እንደገና ገባ።

37 ቁጥር ጽላቱ መጥፋቱን ነገረን። ሃዋርድ ውስጥ ለዓመታት ታይቶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ መካከል የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። 38 ተማሪዎች በተቃውሞ ጊዜ አውጥተው ፖቶማክ ወንዝ ወረወሩት የሚለውን ወሬ እንደ እውነት አቀረበ። 39 ቁጥር ጠንከር ብላ አረመችው። ለዚህ ወሬ ማስረጃ የለም፤ ነገሩን የመረመሩ ሰዎችም አላመኑበትም። ጥቁር ተማሪ የጥቁር እናቱን ሽልማት ወንዝ ጣለ የሚለው ወሬ ለምን እንደሚጣፍጣቸው ጠየቀቻቸው። እኔም ያንኑ እጠይቃለሁ። ጥቅምት 1፣ 2023 ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ምትኩን አሠርቶ ሃዋርድ ላይ በሥነ ሥርዓት አስረክቧል። 40 ዘግይቷል አለ። 41 ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል አለ። በዚህ ላይ ብዙ አልተከራከሩም።

42 ቁጥር ላይ ሃዘን የገባው ሰው ስለ መቃብሯ ጻፈ። ሃቲ በኑዛዜዋ ነጭ ሣጥን፣ ነጭ ልብስ፣ ጸጉሯ ላይና እጇ ላይ ጋርዲኒያ አበባ ጠይቃለች። እንድትቀበር የፈለገችው ሆሊውድ መካነ መቃብር ውስጥ ነው፤ የፊልም ባልደረቦቿ ያሉበት። ጥቁር ስለሆነች ከለከሏት። ሮዝዴል የሚባል ሌላ መካነ መቃብር ተቀበረች። በ1999 የሆሊውዱ መካነ መቃብር አዲስ ባለቤት ዐፅሟ እንዲዛወር ሐሳብ ሲያቀርብ ቤተሰቧ አልፈለገም፤ በምትኩ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመላት። 43 ቤተሰቡ ልክ ነው አለ። 44 አይደለም፣ ኑዛዜዋ መፈጸም ነበረበት አለ። እኔ እዚህ ላይ ከ43 ጋር ነኝ። በሕይወት እያለች ያልፈለጉትን ሰው ከሞተ በኋላ ኑ ማለት ለጋባዡ እንጂ ለሟቹ አይጠቅምም።

45 ቁጥር የክሩ ከፋች ተመለሰ። ስለ ፊልሙ ያለው አቋም አልተለወጠም፤ አሁንም ያ ፊልም ጥቁሮችን በድሏል ይላል። ስለ ሃቲ ግን ጥያቄውን ቀይሮ ነው የመጣው፤ የሹገር ሂል ታሪክ ለምን እንደ ሽልማቱ አልታወቀም ብሎ። 11 ቁጥር ላይ የጻፈችውን እህትም በስም ሳይጠራ አመሰገናት። እርሷ አልመለሰችለትም።

46 ቁጥር ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ካለው የኢትዮጵያ ሰፈር አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። የሃቲ ቤት ሳውዝ ሃርቫርድ ቡልቫርድ ላይ ዛሬም ቆሞ አለ ብሏል፤ አውራ ጎዳናው ሳይነካው አልፏል። ሰው ስለሚኖርበት ከውጭ ብቻ እዩ ብሎ አሳስቧል። 47 መንገዱን ጠየቀው፣ 48 ነገረው። 49 ላይ ለበተርፍላይ ማክኲን ለብቻዋ ክር ይከፈትላት የሚል ጥያቄ ቀርቧል። እኔም ደግፌዋለሁ፤ የሚከፍት ሰው ካለ ስለ እርሷ የማውቀውን እጽፋለሁ።